ዋቱን ተዉትና ኦሙን ጠይቁ

ካርቶኑ ላይ «600 ዋት» ይላል። በቀይ ቀለም፣ በትልልቁ፣ ዙሪያውን የእሳት ነበልባል ተስሎበት። መርካቶ ሶማሌ ተራ ከአንድ የመኪና ዕቃ ሱቅ ገዝቼ፣ በዶልፊን ተሳፍሬ፣ ጉልበቴ ላይ ታቅፌ ወላይታ ሶዶ ድረስ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናዘዝ። ከዚህ በታች የምወቅሰው ሰው ሁሉ ከእኔ ቀጥሎ ነው የሚሰለፈው።

ባለፈው ሳምንት ስለ ሞንታርቦ ጩኸት ስጽፍ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር «ታዲያ ምን ዓይነት ስፒከር እንግዛ?» ብላችሁኛል። አንድ ከአረካ፣ አንድ ደግሞ ከቦዲቲ የጻፉልኝ ልጆች የጠየቁት ግን ለየት ይላል። ትንሽ ባለ ቲዩብ የጊታር አምፕሊፋየር አላቸው፤ ስፒከሩ ተበላሽቷል፤ ሊቀይሩት ነው። ሁለቱም ጥያቄያቸውን የጀመሩት «ስንት ዋት ይሁን?» ብለው ነው። እኔም ሱቁ በር ላይ ቆሜ ያነሳሁት ይህንኑ ጥያቄ ነበር። መልሱን በሁለት መስመር ጽፌ መላክ እችል ነበር፤ ነገር ግን ጥያቄው ራሱ አንድ የ19 ዓመት ልጅ ላይ ምን እንዳደረሰ ስላየሁ በሁለት መስመር አይወጣልኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ አሜሪካ የሚኖር የሶዶ ልጅ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን (ስሟን አልጠራም፤ እኔም የሙዚቃ ኮሚቴው አባል ነኝ) የጊታር አምፕሊፋየር ይዞ መጣ። ፌንደር ብሉስ ጁኒየር። 15 ዋት፣ አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር፣ ውስጡ ሁለት ኢኤል84 የሚባሉ የኃይል ቲዩቦችና ሦስት ትንንሽ ቲዩቦች ያሉት። ለማያውቁ፦ ቲዩብ ማለት አያቶቻችን ቤት በነበረው ራዲዮ ውስጥ እንደ አምፖል የሚግለው ዕቃ ነው፤ ራዲዮው እስኪሞቅ ይጠበቅ የነበረው በእሱ ምክንያት ነው። ከአሜሪካ ስለመጣ በ120 ቮልት ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ስቴፕ ዳውን ተገዛለት። ያን ጊዜ ጠንቃቆች ነበርን።

ገና የመጀመሪያ ቀን ከኮሚቴው አንድ ታላቅ ወንድም «15 ዋት? የልጄ ብሉቱዝ ስፒከር ይበልጠዋል» ብሎ ሳቀ። ልጁ፣ ጊታሪስታችን፣ መልስ አልሰጠውም። ሰካው፤ ቲዩቦቹ እስኪሞቁ ጠበቀ፤ አንድ ኮርድ መታ። አዳራሹ ሞላ። ታላቅ ወንድማችን ሳቁን ቢያቆምም ሐሳቡን ግን አልቀየረም። የያዘውን የማይለቅ ሞኝና ወረቀት ነው ይላሉ አበው፤ እኛ ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ አድርገን የካርቶን ጽሑፍ ይዘን የማንለቅ ሰዎች ነን።

ዓመት ሳይሞላው ስፒከሩ «ዝዝዝ» ማለት ጀመረ። ዝቅ ያሉት ክሮች ሲመቱ ብቻ፣ እንደ ተቀደደ ከበሮ። ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ «ስፒከሩ ሞቷል፣ ይቀየር፤ ካልቀረ ደግሞ ዋቱ ከፍ ያለ ይሁን» ተባለ። እኔ ለሥራ አዲስ አበባ ነበርኩና በስልክ ታዘዝኩ። ሻጩን ሁለት ነገር ጠየቅኩት፤ 12 ኢንች ነው ወይ? ስንት ዋት ነው? ሁለቱንም በኩራት መለሰልኝ። ሦስተኛውን ጥያቄ እኔ አልጠየቅኩም፤ እሱም አላነሳውም። ካርቶኑ ላይ በትንንሹ፣ ከባርኮዱ አጠገብ፣ «4 ኦም + 4 ኦም» ይል እንደነበር ያየሁት ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።

እንግዲህ ስለ ዋት እንነጋገር፤ ይህ ቃል አገራችን ውስጥ ጣዖት ሆኗል።

ስፒከር ዋት አያመርትም። ስፒከር ላይ የተጻፈው ዋት ሳይቃጠል ምን ያህል መሸከም እንደሚችል ነው የሚናገረው። 50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ ስለ ገዛችሁ 50 ኩንታል በቆሎ አይኖራችሁም፤ በቆሎው ከማሳ ነው የሚመጣው። የእኛ ማሳ 15 ዋት ነው። 600 የሚል ስፒከር ብንገጥምለትም 15 ነው። ያውም 600ው እውነት ከሆነ ነው። ካርቶን ላይ የምታዩት «ማክስ» ወይም «ፒኤምፒኦ» የሚባለው ቁጥር ለቅጽበት፣ ማንም በማይለካው ሁኔታ፣ በፋብሪካው በጎ ፈቃድ የተጻፈ ነው። ሊታመን የሚችለው «አርኤምኤስ» የሚለው ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የለም፤ ካለም የሚያኮራ አይደለም።

ዋት ብቻውን ድምፅ ቢሆን ኖሮ ከወላይታ ሕዝብ የሚበልጥ ማን ነበር? ግልገል ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት ይዞ ኦሞ ወንዝ ላይ፣ እኛና ዳውሮ መካከል ተቀምጧል። መብራታችን ግን በአምልኮ መሐል ብልጭ ድርግም ይላል። ማመንጨት ሌላ፣ መድረስ ሌላ።

ድምፁ ምን ያህል እንደሚደርስ የሚነግራችሁ ሌላ ቁጥር ነው፤ ሴንሲቲቪቲ ይሉታል። ስፒከሩ አንድ ዋት ሲሰጠው አንድ ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል ይጮኻል? ጥያቄው ይኸው ነው። ለጊታር የተሠሩ ባለ 12 ኢንች ስፒከሮች አብዛኞቹ ከ97 እስከ 100 ዴሲቤል ናቸው። የመኪና ሳብዉፈር ግን ብዙውን ጊዜ 86፣ 88 ላይ ነው። ወረቀቱ ወፍራም፣ ዙሪያው ጎማ፣ ሥራው ባለ ብዙ መቶ ዋት ማጉያ እየገፋው በጠባብ መኪና ውስጥ ባስ ማንቀጥቀጥ ስለሆነ ነው። በዚያ ሥራው አይወቀስም። ስሌቱ ግን ጨካኝ ነው። በዴሲቤል 10 መውረድ ማለት በዋት አንድ አሥረኛ መሆን ማለት ነው። 98 የነበረውን አውጥተን 88 ስንገጥም፣ ከአሜሪካ የመጣልንን 15 ዋት አምፕሊፋየር በገዛ ገንዘባችን የ1 ተኩል ዋት አደረግነው። ያጣነውን ለመመለስ 150 ዋት ማጉያ ያስፈልገን ነበር። «ዋቱ ከፍ ያለ ይሁን» ብለን ዝቅ አደረግነው ማለት ነው።

ልጁ ይህን ቀመር አላጠናም፤ ጆሮው ግን ነግሮታል። የመጀመሪያውን እሁድ ከመድረክ ሲወርድ «ጋሼ፣ ጊታሩ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል» አለኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይፈታል።» አፌ ይቆረጥ። እሱም ድምፁ እንዲሰማ ቮልዩሙን እስከ መጨረሻው ጠመዘዘ፤ በየሳምንቱ እዚያው ላይ ነበር።

አሁን ወደ ኦም። ይህች ቁጥር ናት ልጁን ከመድረክ ያወረደችው።

ባለ ቲዩብ አምፕሊፋየር ከቲዩቦቹና ከስፒከሩ መካከል አንድ ትራንስፎርመር አለው። ቲዩቦቹ በሺዎች የሚቆጠር ኦም ጭነት ይፈልጋሉ፤ ስፒከሩ 8 ነው። ይህን ልዩነት የሚያስታርቀው ያ ትራንስፎርመር ነው፤ የተጠመጠመውም ለአንድ የታወቀ ቁጥር ነው። ባጃጅ ነድታችሁ የምታውቁ፣ የዳሞታን አቀበት በሦስተኛ ማርሽ ልውጣው ብትሉ ሞተሩ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ትክክል ያልሆነ ኦም ማለት ትክክል ያልሆነ ማርሽ ነው። የእኛው ትራንስፎርመር 8 ይፈልጋል። እኔ ያመጣሁት ሳብዉፈር ሁለት ኮይል ነበረው፤ እያንዳንዱ 4። ተከታትለው ቢቀጠሉ 8 ይሆናሉ፤ ጎን ለጎን ቢቀጠሉ 2። ሶዶ ያለው ጠጋኛችን ጎን ለጎን ቀጠላቸው፤ መኪና ላይ የለመደው እንደዚያ ነው።

ጠጋኙን አልወቅስም። አውቀዋለሁ፤ ከሞተ ቴሌቪዥን ሕይወት የሚያወጣ ሰው ነው። ዕድሜ ልኩን የሠራው ግን ባለ ትራንዚስተር ዕቃ ላይ ነው። እዚያ ሕጉ የተገላቢጦሽ ነው ማለት ይቻላል፤ ስፒከር ሳይሰካ ቢበራ ምንም አይሆንም። ባለ ቲዩቡ ግን ያለ ስፒከር እየተመታ ከተተወ ጉልበቱ መውጫ ያጣና እዚያው ትራንስፎርመሩ ውስጥ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሆኖ ይዘላል፤ የሽቦውን ሽፋን ይበሳዋል። ይህን ለጠጋኙ ማን ነገረው? ዕቃውን የሰጠነው እኛ ነን፤ ከኋላው ያለውን ጽሑፍ እንኳ አንብበን «8 ይላል» አላልነውም።

በ2 ኦም ስድስት ሳምንት ያህል ሠራ። መጀመሪያ ኢኤል84ዎቹ ደከሙ፤ ድምፁ እየቆሸሸ ሄደ። ከዚያ አንድ እሁድ፣ ዝማሬው በጋለበት ሰዓት፣ በንዝረት የላላው የስፒከር ሽቦ ወለቀ። ጊታሩ ዝም አለ። ልጁ ኬብሉ መስሎት ነቅሎ ሰካ፤ ክሩን አጥብቆ መታ፤ ደግሞ መታ። ቮልዩሙ እስከ ጥግ ነው። ከኋላ ረድፍ የተቀመጥነው ሳንቀር የተቃጠለ ሽታ ሸተተን።

የኮሚቴው ውሳኔ አጭር ነበር። «ልጁ አቃጠለው። ቮልዩም እስከ መጨረሻ ይከፍታል፣ ዕቃ አያያዝ አያውቅም።» ለጊዜው ከመድረክ ይውረድ ተባለ። ለጊዜው የተባለው አራት ወር አልፎታል። እኔ በስብሰባው ነበርኩ። ምን እንደተፈጠረ ያን ቀን በትክክል አላውቅም ነበር፤ ሆኖም ዕቃውን የገዛሁት እኔ መሆኔን አውቃለሁ፤ ዝምም አልኩ። ልጁ በሠርግ ላይ እየተጫወተ ነበር የኮሌጅ ወጪውን የሚሸፍነው። ከተማችን ትንሽ ናት፤ «አምፕ ያቃጠለው ልጅ» የሚል ስም ከዶልፊን ይፈጥናል። በጥር ሁለት ሠርግ ቀርቶበታል።

ከዚያ ወሬውን ከሥሩ ለማየት ዕቃ ቤት ገባሁና አሮጌውን ስፒከር ከተሰበሩ ወንበሮች ሥር አወጣሁት። ወረቀቱ ጠርዝ ላይ የሦስት ሳንቲ ሜትር ቅዳድ አለ። ይኸው ነው። «ዝዝ» ይል የነበረው እሱ ነው። በሁለት አውራ ጣቴ ወረቀቱን ቀስ ብዬ ወደ ውስጥ ገፋሁት፤ አይፋቅም፤ ኮይሉ ደህና ነው ማለት ነው። ቴስተር አስነካሁት፤ 6.7 አለ። ባለ 8 ኦም ስፒከር በቴስተር ሲለካ ከ6 እስከ 7 ያህል ነው የሚያሳየው፤ ጤነኛ ነው። ቅዳዱን በስስ ወረቀትና በትንሽ ነጭ ኮላ ለጠፍኩት፤ ሌሊቱን አደረ፤ ጠዋት ጠጋኙ ጋ በሌላ ማጉያ በትንሹ ሞከርነው። ዝዝታው የለም። አምፕሊፋየሩን የገደልነው ከሻይ በሚረክስ ኮላ ሊድን ለሚችል ቅዳድ ነው።

ስለዚህ ለአረካውና ለቦዲቲው ልጆች የመጀመሪያ መልሴ፦ ከመግዛታችሁ በፊት አሮጌው በእርግጥ መሞቱን እወቁ። በቴስተር ለኩት። ቁጥሩ ጨርሶ ከሌለ ኮይሉ ተበጥሷል። ያን ጊዜም ቢሆን መጣል የለም፤ ማግኔቱና ብረቱ ደህና ከሆኑ ኮይልና ወረቀት የሚቀይሩ ባለሙያዎች አሉ። ብቻ ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ቴስተሩን ራሳችሁ ያዙ። በተገኘው ሽቦ ጠምጥመው 8 የነበረውን በ3 ወይም በ4 የሚመልሱ አሉ፤ ይጮኻል፣ ያምራል፣ አምፑን ግን ቀስ በቀስ ይበላዋል። «ወንድሜ፣ ሲሠራ እያየኸው ምን ትለካለህ?» ቢሏችሁ አትፈሩ፤ ለኩ።

መግዛት የግድ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው ብዬ እከራከራለሁ። አንደኛ ኦም፤ አምፑ ጀርባ ላይ ወይም አሮጌው ስፒከር ላይ የተጻፈው ቁጥር ራሱ። «የሚቀራረብ» አትበሉ። ሁለተኛ ልክና ጥልቀት፤ ብሎን ቀዳዳው ይገጥማል? ማግኔቱስ ከኋላ ቲዩቦቹን አይነካም? ሦስተኛ ሴንሲቲቪቲ። ዋት አራተኛ ነው፤ እሱም ጣሪያ ሳይሆን ወለል ነው። ባለ ቲዩብ አምፕ ሲጠመዘዝ ከተጻፈበት በላይ ስለሚያወጣ፣ የአምፑን እጥፍ ያህል የሚሸከም ስፒከር በቂ ነው። ለ15 ዋት ሴለስሽን ግሪንባክ የሚባለው ባለ 25 ዋት ስፒከር ይበቃል፤ 30 ወይም 50 ቢሆን ደግሞ እንቅልፍ ያስተኛል። ለ5 ዋቷ ባለ 8 ኢንች ደግሞ ጄንሰን የሚሠራው ባለ 25 ዋት ከበቂ በላይ ነው፤ ብቻ እነዚያ ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ 4 ኦም ስለሚፈልጉ ጀርባቸውን ሳታነቡ 8 አትዘዙ።

«የቱ ብራንድ ያምራል?» የሚለው ጭቅጭቅ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ዩቲዩብ ላይ የእንግሊዝ ቃና፣ የአሜሪካ ቃና እያሉ ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከሩ አሉ፤ እኔም አያለሁ፤ ደስም ይለኛል። የእኔን ስሜት ከጠየቃችሁኝ፣ የእኛ ዜማ ፈጣን ነው፤ ጊታሩ ጭብጨባውንና ከበሮውን ሰንጥቆ አጭር አጭር ሐረግ ለዘማሪው መመለስ አለበት። ለዚያ ለስላሳነት ከሚያበዛው ይልቅ ጥርት ብሎ የሚናገረውን እመርጣለሁ። ክራር በፒክአፕ የሚሰኩ ልጆችም እንደዚሁ ቢያስቡ ይጠቅማቸዋል። ግን ይሄ የጣዕም ነገር ነው፤ ጣዕም አምፕ አያቃጥልም።

አንድ ነገር ግን ጣዕም አይደለም። የጊታር ስፒከር የሙዚቃው ግማሽ አካል ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር ሳይሰካ የሚያወጣውን ድምፅ ሁላችንም እናውቃለን፤ የጎረቤት ድመት አይቀሰቅስም። የምንሰማው የስፒከሩን ወረቀት ነው። ለጊታር የተሠራ ስፒከር ከ5 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን በፍጥነት ይቆርጣል፤ ሻካራው ድምፅ የሚለሰልሰው በዚያ ነው። ትዊተር ያለው የመኪና ወይም የቤት ስፒከር ስትገጥሙ የተቆረጠው ሁሉ ይመለሳል፤ ምጣድ ላይ የወደቀ ውሃ ይሆናል። በ1975 እ.ኤ.አ. ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «እሬ መላ መላ» የሚወድ ሁሉ የሰላም ሥዩምን ጊታር ይወዳል፤ ሆኖም በዚያ ጣትና በእኛ ጆሮ መካከል ስለሚቆመው ዕቃ አንድም ቀን አንነጋገርም።

አሁን ተቃውሞዎቹን ልስማ፤ ደርሰውኛልና።

«ዶላር ወዴት እንደደረሰ እያየህ ስለ ሴለስሽን ታወራለህ?» እውነት ነው። በሐምሌ 2016 የምንዛሬው ገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አልፏል። ከዚያ ወዲህ ከውጭ የሚገባ የሙዚቃ ዕቃ ዋጋ ሲጠራ ሰው ሁለቴ ይጠይቃል። ግን እስቲ እንደምር፤ የማይሆን ሳብዉፈር፣ ሁለት ኢኤል84፣ አንድ ትራንስፎርመር፣ የጠጋኝ ዋጋ፣ የአንድ ልጅ ሁለት ሠርግ። ርካሹ መንገድ ይሄ ነበር?

ያለ ዶላርም መንገድ አለ፤ ደግሞ እግራችን ሥር ነው። የሶዶን አብያተ ክርስቲያናት ዕቃ ቤት ክፈቱ። የሞተ ሞንታርቦ ተደራርቦ ታገኛላችሁ። ብዙዎቹ ውስጥ ሰርኪዩቱ ወይም ትዊተሩ ነው የሞተው፤ ባለ 12 ኢንቹ ስፒከር ደህና ነው። 8 ኦም የሚል ፈልጉ። ጠርዙ ጎማ ወይም ስፖንጅ ሳይሆን የታጠፈ ጨርቅ ወይም ወረቀት የሆነውን፣ ወረቀቱ ቀለል የሚለውን ምረጡ። ትዊተሩን ተዉት። የጊታር ስፒከር አይደለም፤ ቃናው ትንሽ ደረቅ ይላል፤ ሴንሲቲቪቲው ግን ብዙ ጊዜ 95 እና ከዚያ በላይ ስለሆነ ከመኪናው ሳብዉፈር ጋር አይወዳደርም። አንድ ጓደኛዬ በዚህ ዓይነት ስፒከር ሁለት ዓመት ሠርቷል። ከቆራሌው ቀድማችሁ ድረሱ እንጂ።

የውጭውን ለምትፈልጉ፣ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ አይጠፋም። ባለ 12 ኢንች ግሪንባክ 3 ኪሎ ተኩል ቢመዝን ነው፤ ሻንጣው 23 ኪሎ ይችላል። እናቶቻችን በዚያው ሻንጣ በርበሬና ሽሮ ጭነው ሲልኩ አንድም ቀን ከበደ አላሉም።

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው፤ «ቲዩብ ያለፈ ነገር ነው፤ ጊታሩን በፔዳል አድርገህ በቀጥታ ሚክሰር ላይ ሰካ።» በዚህ ግማሽ በግማሽ እስማማለሁ። አዲስ ለሚጀምር፣ የራሱ አምፕ ለሌለው ቡድን፣ የስፒከርን ድምፅ የሚያስመስል ፔዳል በቀጥታ ከሚክሰር ጋር ማገናኘት ብልህነት ነው፤ እኔም ይህንኑ እመክራለሁ። ቲዩብ ቅዱስ ዕቃ አይደለም። ግን ዕቃው እጃችሁ ላይ ካለ፣ ሰው ውቅያኖስ አቋርጦ ከተሸከመላችሁ፣ «ያለፈበት ነው» ማለት ላበላሸነው ነገር የሚቀርብ ሰበብ እንጂ የሙያ ምክር አይደለም። በኮሚቴያችን ውስጥ ይህ ሐሳብ የተነሳው አምፑ ከተቃጠለ በኋላ ነው፤ ከመቃጠሉ በፊት ሁሉም ፎቶ ይነሳበት ነበር።

ሻጮችም አትሸሹ። ኦም ያልተጻፈበት ወይም የማታውቁትን ስፒከር ስትሸጡ፣ ቁጥር የሌለው ጫማ እየሸጣችሁ ነው፤ ልዩነቱ ጫማው እግር ላይ ይታወቃል፣ ይሄኛው ግን ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው ተጠቃሚውን የሚያስወቅሰው። ደንበኛው «ስንት ዋት?» ሲላችሁ «ለምን ዕቃ ነው? አሮጌው ስንት ኦም ነበር?» ብሎ መመለስ ምንም አያስወጣም። ኮሚቴዎችም፣ እኔን ጨምሮ፣ በጥቁር ማርከር አምፑ ጀርባ ላይ በአማርኛ ብንጽፍ ምን ነበረ? «8 ኦም ብቻ። ስፒከሩ ሳይሰካ አይበራ።» ስድስት ቃል ነው። ወንበር ሁሉ ላይ የቤተ ክርስቲያኒቱን ስም በቀለም የሚጽፍ ሕዝብ ስድስት ቃል አያቅተውም።

የልጁ ነገር ግን በማርከር አይፈታም። ባለፈው ማክሰኞ መርካቶ በር ላይ አገኘሁት፤ ሶዶ መርካቶ ማለቴ ነው። የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኩት፤ ካርቶኑን፣ 2 ኦሙን፣ ሽቦውን። ጸጥ ብሎ ሰማኝና «ጋሼ፣ እኔ እኮ ቮልዩም በመክፈቴ ነው ብዬ አምኜ ነበር» አለ። አራት ወር ሙሉ የራሱ ጥፋት ነው ብሎ ያምን ነበር።

ኮሚቴው ቅዳሜ ይሰበሰባል። አጀንዳው ላይ «አዲስ አምፕሊፋየር ግዢ» የሚል አለ፤ ልጁ የለበትም። አሮጌውን ስፒከር በፌስታል ይዤ እገባለሁ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ቴስተሩን ለዚያ ለሳቀው ታላቅ ወንድም አስይዘውና ቁጥሩን ጮክ ብሎ እንዲያነብልን እጠይቀዋለሁ። 6.7። ከዚያ ማን እንደገዛ፣ ማን እንዳዘዘ፣ ማን ከመድረክ እንደወረደ በቃለ ጉባኤ ይጻፍልኝ እላለሁ፤ ከእኔ ስም ይጀመር።